ቻርጀር ላስታቀፈን ክቡር መሥሪያ ቤት

ለቻርጀር አምራቹ ድርጅት
የደንበኞች እርካታ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ ከዚያም ደግሞ የስልክዎ ጤና እንዴት ነው? የመጨረሻውን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። ስደውልልዎ በከረምኩባቸው ሳምንታት ሁሉ ስልክዎ ሙዚቃ እንጂ ሰው አላወጣ ስላለኝ፣ አንድ ነገር ሆኖ ይሆን ብዬ ከልቤ ሰግቼ ነው። እኛን የጠየቁ እንደሆነ ዛሬ ደህና ነን። ትናንት ግን ደህና አልነበርንም፤ ለምን እንዳልነበርን ሌሎች ደንበኞችዎም ያውቁት ዘንድ ይህችን ደብዳቤ በፖስታ ማሸጉን ትቼ በአደባባይ ጽፌልዎታለሁ።

ማን ናት ብለው እንዳይቸገሩ ራሴን ላስተዋውቅ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። እኔም አውቶቡሷም በአንድ ሰሞን ጡረታ ስንወጣ፣ ለቁርጥራጭ ብረት ከምትሸጥ ብዬ ገዛኋት፤ መቀመጫዎቿን ነቅዬ አልጋ፣ ምድጃና ጠረጴዛ አስገባሁባት፤ ዛሬ ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው በእሷ ውስጥ ነው። የቆምንበት ሜዳ የመብራት ምሰሶ ደርሶበት ስለማያውቅ ኃይል የምናገኘው ጣሪያዋ ላይ ከተከልናቸው የፀሐይ ሰሌዳዎች ነው። ሰማዩ ሲያኮርፍ ደግሞ ጄኔሬተር እናስነሳለን፤ የእርስዎ ቻርጀር ከጄኔሬተሩ ይቀበልና ከኋላው ወንበር ሥር የተደረደሩትን ባትሪዎች ይሞላል። ይሞላል ተብሎ ነበር ማለቴ ነው።

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የሰዋስው መምህር ነው። ካቻቪቴና ፒንሳ ለይቶ አያውቅም፤ የተጻፈ ነገር ካገኘ ግን ቃል በቃል ካልፈጸመው እንቅልፍ አይወስደውም። የቻርጀርዎን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እርስዎም እንዳላነበቡት በኋላ አረጋግጠናል።

ሦስተኛዋ ነዋሪ ታላቅ እህቴ ናት። እህቴ ዶሮ ታረባ ነበር፤ ለትርፍ አይምሰልዎት፣ ከእናታችን ጓሮ የጀመረውን ዘር እየመረጠች፣ ጠንካራውን ከጠንካራው እያገናኘች፣ ዕድሜዋን የፈጀችበት ነው። አንድ ሌሊት ሽለመጥማጥ ገባና አንዲት ሳያስቀር ፈጃቸው። በማግስቱ የተረፈው ማድ ቤቷ ውስጥ በቅርጫት የነበረው እንቁላል ብቻ ነበር። ቅስሟ ተሰብሮ፣ ያንን ቅርጫት እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ ይዛ መጣችብን። እኔም ከአንድ ዶሮ አርቢ የእንቁላል መፈልፈያ ሣጥን ተውሼ ከኋላው ወንበር ላይ፣ ከባትሪዎቹ በላይ አስቀመጥኩላት። እሷ «ማስታቀፊያው» ነው የምትለው። ሣጥኑ ሦስት ሳምንት ያህል ሙቀቱ ሳይጓደል መቆየት አለበት፤ ከቀዘቀዘ ውስጡ ያለው ነፍስ አበቃለት። እንግዲህ ክቡርነትዎ የሸጡልን ቻርጀር የተሸከመው አምፖልና ሬዲዮ ብቻ አልነበረም፤ የእህቴን የዕድሜ ልክ ልፋት ነበር።

ይህን ካወቁልኝ ዘንድ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ስልሳው አምፔር። በካርቶኑ ላይ በትልልቅ ፊደል «ስልሳ አምፔር» የሚለውን አይተን፣ ባትሪዎቻችን ከምሳ በፊት ጢም ይላሉ ብለን ነው እህቴ በመጣች ሰሞን የገዛነው። በቆጣሪው ላይ ያገኘነው ስምንት ነው። ስልሳውን ከቶ አላየነውም ብዬ ግን አልዋሽም፤ ጠዋት ጄኔሬተሩን እንዳስነሳን ቻርጀርዎ ፎክሮ ተነስቶ ስልሳ ይደርሳል፣ እኛም እሰይ ብለን ሻይ እንጥዳለን፣ ሻዩ ሳይፈላ እየወረደ እየወረደ ስምንት ላይ ጋደም ይልና እዚያው ተኝቶ ይውላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ለካ ስለ ቻርጀር ኖሯል! ጄኔሬተሩ ቀኑን ሙሉ ነዳጅ እየጠጣ ሲያጓራ ይውላል፣ ባትሪው እንደተራበ ያመሻል።

ሁለተኛ፤ ስለ ሠራተኞችዎ ትሕትና። በደወልኩ ቁጥር ሌላ ልጅ ያነሳል፤ ሁሉም «እናቴ» ይሉኛል፤ ሁሉም ነገሩን ከሀ ያስጀምሩኛል። የመጀመሪያዋ ልጅ ሽቦው ቀጥኖ ወይም ረዝሞ ይሆናል አለችኝ፤ አልሸሽግዎትም፣ እውነት ነበራት። ባለቤቴ ሽቦው ለዓይን እንዳያስቀይም ብሎ፣ ከቻርጀሩ እስከ ባትሪው ያለችውን አንድ ክንድ የማትሞላ መንገድ ትቶ፣ በመስኮቶቹ ሥር ዙሪያውን አዙሮ አውቶቡሷን ሙሉ አስጎብኝቶት ነበር። ነቅዬ ወፍራምና አጭር ገመድ ዘረጋሁ፣ ማሰሪያዎቹን አጽድቼ አጠበቅሁ፤ ስምንቱ ዘጠኝ ሆነ። ለአንዷ አምፔር እግዜር ይስጥልኝ።

ሌላው ልጅ ጄኔሬተሩ ደክሞ ይሆናል አለ። ቮልቱን ለክቼ ደህና መሆኑን ስነግረው፣ ጉዳዩ የቴክኒክ ስለሆነ ባለቤትዎን ያቅርቡልኝ ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ የዚያችን አውቶቡስ ሞተር በዝናብ መሐል፣ ከኋላዬ የልጅ መንጋ እየዘፈነ፣ ፈትቼ የገጠምኩ ሴት ነኝ። ይሁን፣ የሰው ልጅ አይከፋ ብዬ ስልኩን ለሰዋስው መምህሩ አቀበልኩት። እነሱም «አምፔር» ሲበዛ «አምፔሮች» ይባል ወይስ እንዲሁ ይቅር በሚለው ላይ ሲጥሉ ሲያነሱ ቆይተው፣ በታላቅ መከባበር ተሰነባበቱ። ቻርጀሩ በዚያን ጊዜ ሁሉ ዘጠኝ ላይ ነበር፤ ነጠላም ብዙም ሳይል።

ሌላው ደግሞ ጉልበቱ የሚወርደው ባትሪው ስለሞላ ነው፣ ቻርጀራችን ብልህ ስለሆነ ሲጠግብ ያውቃል ብሎ አበሠረኝ። እንዴት ጠገበ ትለኛለህ፣ አምፖሎቻችን በራብ እያዛጉ አይደለም ወይ ብዬ ብሟገት፣ ይታገሱ እናቴ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አለኝ። ልጁ የእኛን ጉድ ስለማያውቅ አልወቅሰውም። ስልኩ ግን በድምፅ ማጉያ ነበርና እህቴ ሰማችው። ከሣጥኑ ላይ ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ አቀረቀረች። እኔ አፈርኩ፤ እናንተን ወክዬ ያፈርኩበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ፈተናው። በቤቱ ያለውን ነገር ሁሉ አጥፍታችሁ ለኩ የሚል ትእዛዝ ደረሰን። ሁሉን ማጥፋት ማለት ሣጥኑንም ማጥፋት ነው። እህቴን እንዴት ብዬ ልጠይቃት እያልኩ ስንቆራጠጥ፣ እሷው ክዳኑን ከፈተች፤ እንቁላሎቹን አንድ ባንድ አንስታ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አደረገችና ቶሎ በሉ ብቻ አለች። ክዳኑ እንደተከፈተ ጄኔሬተሩን አስነሳን። ስልሳ! እዚያም ቆየ፤ አልወረደም። ደስታችንን ይዘን ብንደውል፣ እንግዲያስ ኃይላችሁን የሚበላባችሁ ያ ሣጥን ነውና አስወግዱት ተባልን። ሣጥኑ ከአንድ አምፖል የበለጠ እንደማይበላ ለክቼ ባስረዳም የሰማኝ የለም። እንቁላሎቹ ተመልሰው ገቡ፣ ሣጥኑ ሞቀ፣ ቻርጀሩም ወርዶ ተኛ። ከዚያ ቀን በኋላ እህቴ በየደቂቃው ሣጥኗን ታያለች፣ ከዚያ እኔን ታያለች፤ እንዳላስወግድባት ነው። አንጀቴን በላችው።

አራተኛውን ባለቤቴ ሰርዞታል። ስድብና አቤቱታ በአንድ ሥርዓተ ነጥብ አይሄዱም ብሎኛል።

አምስተኛ፤ ስለ ጥገና ክፍልዎ። ቻርጀሩን ፈትቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ እናንተው ዘንድ አመጣሁት። በእሱ ላይ የተሰካችውን አንዲት ቀጭን ገመድ ብቻ ነቅዬ ቤት ተውኳት፤ ጫፏ በእህቴ ሣጥን ውስጥ ስለነበር የሣጥኑ መስላኝና እህቴም ክዳኑን ሁለተኛ አልከፍትም ስላለች። ወለሉ ፊት የሚያሳይ፣ ሠራተኛው ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ደስ የሚል ክፍል አላችሁ። ቻርጀሩን ከእናንተ ባትሪ ጋር አገናኙት፤ ስልሳ አለ። ቆየን፤ ስልሳ። ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ ትኩሳቱ ጥሎት እንደሚጠፋ ልጅ አሳፈረኝ እንጂ! ጋዋን ለባሹ ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ከአጠቃቀም ነው የሚል ወረቀት ማኅተም አድርጎ ሰጠኝ። የሚያናድደው፣ ክቡር ሆይ፣ እውነቱን መሆኑ ነው። አጠቃቀሙን ያስተማረን ማን እንደሆነ ግን ወረቀቱ ላይ አልሰፈረም።

ጤነኛውን ዕቃ መልሼ ገጠምኩት። በማግስቱ ጠዋት ስንነሳ ባትሪው ጨርሶ ተሟጧል፣ ሣጥኑ ቀዝቅዟል። እህቴ ከእኛ ቀድማ ነቅታ ኖሮ እንቁላሎቹን በብርድ ልብስ ይዛ የኋላው ወንበር ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። እኔ የምጮህ ሴት ነኝ፤ ጎረቤት የሚያውቀኝ በድምፄ ነው፤ የዚያን ጠዋት ግን የራሴን ብርድ ልብስ አምጥቼ ደረብኩላት። ባለቤቴ አጠገቧ ተቀምጦ እጆቹን እያሻሸ በትንፋሹ ሲያሞቅ፣ እሷ ታዲያ ምን ታደርጉ ብላ እኛኑ አጽናናችን። ክቡርነትዎ ልጆችዎን ታቅፈው አሳድገው ከሆነ ያ ምን እንደሚመስል ያውቁታል።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፤ ስለ ዓረፍተ ነገሩ።

ጄኔሬተሩን አስነሳሁ፤ እንደ ወትሮው ስልሳ ብሎ ፎከረ፣ ሣጥኑ ሲሞቅ እንደ ወትሮው ወረደ። እህቴ እንቁላሎቹን መልሳ እያገላበጠች ሳለ፣ ይሄ ጅራት ደግሞ የማን ነው፣ ከመጣሁ ጀምሮ እንቁላሌን ይገፋብኛል ብላ ያቺን ቀጭን ገመድ ጎትታ አወጣቻትና በመስኮት ወደ ዝናቡ ወረወረቻት። ወዲያው የቻርጀርዎ ማራገቢያ ጉሮሮውን ጠርጎ መጮህ ጀመረ። ከሹፌሩ ወንበር ዘልዬ ቆጣሪውን አየሁ፤ ስልሳ። ገመዷን ከዝናቡ ስቤ ጫፏን በመዳፌና በትንፋሼ አሞቅኋት፤ ቁጥሩ ወረደ። ወደ ዝናቡ መለስኳት፤ ወጣ። አሞቅኋት፤ ወረደ። ባለቤቴን ቀና ብዬ ባየው ፊቱ አመድ መስሏል፤ መመሪያውን ከመሳቢያ አውጥቶ ያነባል።

ዓረፍተ ነገርዎን እንዳለ ልጥቀሰው፤ «ቻርጀሩ በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ የሙቀት ጠቋሚው ጫፍ በሚሞቀው አካል ታቅፎ ይቀመጥ።»

እናንተ ለማለት የፈለጋችሁት ለካ ጫፏ ባትሪው ላይ ትታሰር ነው። ባትሪው ከመጠን በላይ የጋለ እንደሆነ ቻርጀሩ በእሷ በኩል አውቆ እንዲራራለት። መልካም ሐሳብ ነው፤ ባትሪ የሚለውን ቃል ብቻ ዘነጋችሁት። ባለቤቴ ባትሪዎቹን በእጁ ቢዳስስ በረዶ ናቸው፤ ምድጃውን ቢያይ የሚሞቀው ሲጣድበት ብቻ ነው። በዚያች አውቶቡስ ውስጥ ሌት ተቀን የሚሞቅ አካል አንድ ብቻ ነበር። ታቅፎ የሚለውንም ቃል በዚያ ሰሞን ከእህቴ አፍ ስለ እንቁላል ካልሆነ ስለ ሌላ ሰምቶት አያውቅም። ስለዚህ ሣጥኑን በስቶ፣ የቻርጀርዎን ጫፍ ከእንቁላሎቹ መሐል በጥንቃቄ አስታቀፈው! ትእዛዝ ተፈጽሟልና ለማንም ማውራት አላስፈለገውም። እኔም ገመዷ ከሣጥኑ ስትወጣ እያየሁ የሣጥኑ ናት ብዬ ዝም አልኩ። ቻርጀርዎ ደግሞ የእንቁላሎቹን ሙቀት የባትሪው ትኩሳት አድርጎ ወስዶት፣ ምስኪኑ ታሟል ብሎ ያን ሁሉ ሳምንት በስስት በስስት ሲያጎርሰው ከርሟል። ሣጥኑ ሲበርድ ተሻለው ብሎ ይበረታል፤ ሲሞቅ አገረሸበት ብሎ ይሳሳል። ሌሊት ባትሪው ሲዳከም ሣጥኑ ትንሽ ስለሚበርድ ጠዋት በስልሳ የሚነሳው፣ ክዳኑ ሲከፈት ስልሳ የሆነው፣ እናንተ ዘንድም ያለ ገመዷ ስልሳ የሆነው ለዚህ ነበር። ከሁላችን ይበልጥ የራራልን ቻርጀሩ መሆኑን ስረዳ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ባለቤቴን ልቆጣው አፌን ስከፍት፣ መመሪያውን ዘርግቶ የሚሞቀው አካል ተባለ እንጂ የማን አካል እንደሆነ ባለቤቱ አልተጠቀሰም ብሎ ክፉኛ አዘነ። ክቡር ሆይ፣ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ባለቤቴን አሳታችሁብኝ። በስልክ ባለቤትዎን ያቅርቡልኝ ላለኝ ልጅ ይንገሩልኝ፤ እኔ የእኔን አቅርቤያለሁ፣ እናንተም የዓረፍተ ነገራችሁን አቅርቡ።

ገመዷ ባትሪው ላይ ከታሰረች ወዲህ ቻርጀርዎ የካርቶኑን ቃል አክብሯል። ሣጥኑም ከዚያ በኋላ አልቀዘቀዘም። ቀኑ ሲደርስ ከእንቁላሎቹ እኩሌታው ተፈለፈለ። እኩሌታው ቀረ። እህቴ የቀሩትን እያንዳንዱን አንስታ ጆሮዋ ላይ ታደርግ ነበር፤ ትንሽ ጠብቃ ታስቀምጠዋለች፤ ደግማ ታነሳዋለች። እኔ ተይው አልኳት፤ እሷ ግን የሞቱት ዶሮዎች ሁለተኛ አይጥሉልኝም አለችኝ። በዚህ ላይ የምጨምረው ቀልድ የለኝም። ከጫጩቶቹ አንዱን በመዳፏ ይዛ ዘሩ ተረፈ ብላ ስታለቅስ፣ ሦስታችንም አለቀስን፤ የሰዋስው መምህሩም ጭምር፣ ያለ ሥርዓተ ነጥብ።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምጠይቀው ካሳ አይደለም፤ ቻርጀርዎንም አልመልስም፣ ተዋደናል። የምለምነው አንዲት ቃል ነው። በሚሞቀው አካል ከማለት በፊት «ባትሪ» ብላችሁ ጻፉልኝ። ነገ ይህንኑ መመሪያ የሚያነብ ሌላ ታዛዥ ሰው ይኖራል፤ እሱ ዘንድ የሚሞቀው አካል የማን ምን እንደሆነ እርስዎም እኔም አናውቅም።

ስልክዎን እግዜር ይማርልዎ፣ ትዕግሥታችንን ያብዛልን፣ በመሥሪያ ቤትዎ የሚጻፈው ሁሉ ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው እንዲያነበው ልብዎን ያራራልን እያልኩ፣ በፍጹም አክብሮትና በሙሉ ስልሳ አምፔር እሰናበትዎታለሁ።

የአውቶቡሷ ሹፌር፣ መካኒክና እመቤት፤
ከሰዋስው መምህሩ ባለቤቴ (ነጠላ ሰረዞቹን እሱ ነው ያስተካከለው) እና ከታላቅ እህቴ ጋር

ከፊርማ በኋላ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል ከመሥሪያ ቤትዎ ተደወለልን። ለመጀመሪያ ጊዜ እናንተው ደወላችሁ፤ ምን ያህል እንደረካን ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር እንድንሰጥ ለመጠየቅ። ስልኩን ያነሳችው እህቴ ነበረች። ስልኩን ጫጩቶቹ ወዳሉበት ካርቶን አስገብታ ያዘችላቸው። ጠያቂው ልጅ፣ እናቴ መስመሩ ላይ ከባድ ጩኸት አለ፣ መልስዎ አልተመዘገበም ብሎ ዘጋ። እህቴ ሽለመጥማጡ ከገባባት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ጩኸቱ የመስመር ብልሽት ሳይሆን መልሳችን መሆኑ ታውቆ፣ ሳይፈለፈሉ በቀሩት ልክ ከአምስቱ ላይ ተቀንሶ እንዲመዘገብልን በትሕትና እንጠይቃለን።